ወደ ጅረቱ የሚወስደው ሰማያዊ መስመር

ባለፈው ሚያዝያ የእናቴን የቤተ ክርስቲያን ጓደኛ ከለቅሶ ቤት መልሼ ያደግሁበት የፎቆች ሰፈር፣ ክሬሰንት ታውን አደረስኳቸው። እሳቸው በሊፍት ወደ ቤታቸው ሲወጡ እኔ ከሕንጻው ጀርባ ፓርኪንጉ ውስጥ ቀረሁ። ዝናብ ጀመረ። ወራቱን ሁሉ በረዶ ተጭኖት የከረመ አስፋልት የመጀመሪያውን ዝናብ ሲጠጣ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ አቧራ፣ ጨው፣ ጎማ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቆየ የሞተር ዘይት። የመኪናዬን መስኮት ዝቅ አድርጌ ሽታውን አስገባሁትና ሞተሩን አጠፋሁ። መሄድ አቃተኝ።

አስፋልቱ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደተነጠፈ አላውቅም። እኛ የቀባነው ሰማያዊ መስመር የለም። ዓሣዎቹም የሉም። በሰንሰለት ይታሰር የነበረው የሸለቆው በር ተነቅሏል፤ አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ እየገፋች፣ ጃንጥላዋን በትከሻዋ ደግፋ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ወደ ጅረቱ ወረደች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ያሰብኩት ጋሼ ማንደፍሮን ነው።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አራተኛ ክፍል። አባዬ፣ እማዬ፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። ጋሼ ማንደፍሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። አገር ቤት የመንገድ ሥራ መካኒክ ነበሩ፤ ግሬደርና ቡልዶዘር ሲጠግኑ ነው ያረጁት። በሱዳን በኩል ቶሮንቶ ሲደርሱ አንድ የእንጨት ዕቃ ፋብሪካ ገቡ። እዚያ ወገባቸው ተጎዳና ከሥራ ቀሩ። ከዚያ ወዲያ ሥራቸው ፓርኪንጉ ውስጥ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግራጫ ቱታቸውን ለብሰው ይወርዳሉ፤ የኛ ሰዎች ታክሲያቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ፍሬን የሚያሠራ አለ፣ ዘይት የሚያስቀይር አለ፣ ምንም ሳይኖረው ለወሬ ብቻ የሚመጣም አለ። ከኛ ሰገነት ቁልቁል ስመለከት የጋሼ እግሮች ከአንድ መኪና ሥር ወጥተው፣ ዙሪያቸውን አራት አምስት ሰው ቆሞ ሲሳሳቅ አይ ነበር።

እንግሊዝኛቸው ጥቂት ነው። ስለዚህ ደብዳቤ ሲመጣላቸው እኔ አነባለሁ፤ ክሊኒክ ኮል የማደርግላቸውም እኔ ነኝ። "ቱርጁማኔ" ይሉኛል። ቃሉን ሌላ ሰው ሲጠራው ሰምቼ ስለማላውቅ ለረጅም ጊዜ የቁልምጫ ስም ይመስለኝ ነበር። አስተርጓሚ ማለት መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

በዚያን ጊዜ ያልገቡኝ ነገሮች ብዙ ነበሩ። ከመኪኖቹ ሥር በተኛው ውሃ ላይ ቀይና አረንጓዴና ወይን ጠጅ ቀለም ሲንሳፈፍ ሳይ፣ ከዝናብ በኋላ የሚታየው ቀስተ ደመና ደክሞት የወደቀ ይመስለኝ ነበር። ወንድሜን እጁን ይዤ ወስጄ አሳየሁት። ጋሼ የሚያፈሱትን ጥቁር ዘይት ባዶ የወተት ጋሎን ውስጥ እየሞሉ መኪናቸው ኋላ ሲደረድሩም አያለሁ። ወዴት እንደሚወስዱት ጠይቄ አላውቅም።

ሸለቆውም አልገባኝም። ከፓርኪንጉ ማዶ የሽቦ አጥር አለ፤ አጥሩ ላይ በሰንሰለት የታሰረ በር፤ ከበሩ ወዲያ ዛፍና ዛፍ ብቻ። ከታች ውሃ ሲሄድ ይሰማል። በማዶው በኩል ያሉት ትልልቅ ቤቶች እስከ ውሃው የሚያወርድ የእንጨት ደረጃ አላቸው። አንድ ቀን ጋሼ አጥሩን ይዘው ቆመው፣

"ራሒ፣ ይሄ ጫካ የማን ነው?" አሉኝ።

"የነሱ ነው" አልኩ፤ ቤቶቹን እያሳየሁ።

"ማን ነገረሽ?"

"ደረጃ አላቸዋ።"

ሳቁ። "ደረጃ ያለው ሁሉ ባለቤት ከሆነማ እኛ አሥራ ምናምን ፎቅ ደረጃ አለን።"

ሚስ ጆአን ትምህርት ቤታችን የመጣችው በረዶው ሊያልቅ ሲል ነው። ብርቱካንማ ሰደርያና ትልልቅ ቦት ጫማ አድርጋ ስትገባ ከመንግሥት የተላከች መሰለችኝ። ሠዓሊ ናት ሲሉን አላመንኩም፤ ሠዓሊ ወረቀት ላይ ይሥላል እንጂ መንገድ ላይ ይሥላል ያለኝ ሰው አልነበረም። እሷ ግን ልክ እንደዚያ ነው የነገረችን። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ተነስቶ፣ በፎቆቹ መሀል አልፎ፣ ፓርኪንጉን አቋርጦ እስከ አጥሩ በር፣ ከበሩም እስከ ጅረቱ የሚደርስ አንድ ሰማያዊ መስመር እንቀባለን። መስመሩ የጎርፍ ውሃው መንገድ ነው። በየመንገዱ ዳር ባለው የጎርፍ መውረጃ የብረት ፍርግርግ አጠገብ ደግሞ እያንዳንዳችን አንድ ዓሣ እንሥላለን።

"በዚህ ፍርግርግ የገባ ነገር ሁሉ ሳይጣራ ጅረቱ ውስጥ ነው የሚገባው" አለችን። "ዘይት ከሆነ ዘይት፣ ሳሙና ከሆነ ሳሙና። ዓሣዎቹ ይሄን ለሰው ያስታውሳሉ። መስመሩ ደግሞ ጅረቱ የናንተም እንደሆነ ይናገራል።"

እኔ የተረዳሁት ዓሣዎቹ ከፍርግርጉ ሥር ይኖራሉ ብዬ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምሳዬ ላይ ዳቦ እየቆረስኩ በፍርግርጉ ቀዳዳ እጥልላቸው ነበር። ቀስተ ደመና ይመስለኝ የነበረውም ነገር መርዝ መሆኑን ያን ዕለት ሰማሁ። ያታለሉኝ ያህል አናደደኝ።

የሕንጻው ኦፊስ፣ መስመሩ ሲያልቅ በሩን እንከፍታለን፣ ፓርኪንጉ ግን ንጹሕ መሆን አለበት አለ። ሚስ ጆአን ይሄን ስትነግረን ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። እሷ ስትስቅ እኔም እስቃለሁ፤ ብሩሽ አያያዟን እያየሁ እርሳሴን እንደሷ እይዛለሁ። ስሜን አጥርታ የምትጠራ የመጀመሪያዋ ፈረንጅ እሷ ነበረች።

ፓርኪንጉ ውስጥ መቀባት የጀመርን ዕለት ጋሼ ማንደፍሮ ከሩቅ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ጠሩኝ።

"ራሒ፣ ሴትየዋን ቀለሙ ይላጣል በያት። አስፋልቱ ዘይት ጠጥቷል። መጀመሪያ ሳጋቱራ ይበተንበት፤ እንጨቱ ዘይቱን ይመጠዋል። ከዚያ ተጠርጎ ይቀባ።"

ነገርኳት። ሚስ ጆአን ጎንበስ ብላ አስፋልቱን በጣቷ ነካችና "ትክክል ናቸው" አለች። ጋሼ ከቀድሞ ፋብሪካቸው ሁለት ከረጢት ሙሉ ሳጋቱራ አስመጡ። ወገባቸውን በአንድ እጅ ይዘው፣ በሌላው እየበተኑ፣ እየጠረጉ፣ የጠረጉትን በጥቁሩ ባልዲያቸው እየሰበሰቡ መስመሩ የሚያልፍበትን ሁሉ አጸዱልን። እሷ እጃቸውን ጨበጠች። እኔንም "ጎበዝ አስተርጓሚ ነሽ" አለችኝ፤ ትከሻዬን ነካ አድርጋ። ያቺ ንክኪ ስንት ቀን እንዳሞቀችኝ!

የኔ ዓሣ የደረሰው ከሕንጻችን ኋላ በር ፊት ለፊት ያለው ፍርግርግ አጠገብ ነው። ዓርብ ዕለት ሣልኩት፤ ሆዱ ነጭ፣ ጀርባው ብርቱካንማ፣ ዓይኑ ትንሽ የተንሸዋረረ። እሁድ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ለብሰን እማዬን እየጠበቅን ሳለ ከሰገነቱ ቁልቁል ተመለከትኩ። ጋሼ ማንደፍሮ ፍርግርጉ ላይ አጎንብሰዋል። አጠገባቸው ጥቁሩ ባልዲ አለ። እጃቸው ከባልዲው ወደ ፍርግርጉ፣ ከፍርግርጉ ወደ ባልዲው ይመላለሳል። ከአሥራ ሁለተኛ ፎቅ የሚታየኝ ይሄ ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወርጄ ዓሣዬን አየሁት። ግማሽ ሆዱ ጠቁሯል። በፍርግርጉ ዙሪያ ያ የወደቀ ቀስተ ደመና ያብረቀርቃል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሰኞ ዕለት ሚስ ጆአን ክፍላችን ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችን። ትልቅ ሰው ወለል ላይ ተቀምጦ አይቼ ስለማላውቅ የሞተ ሰው ያለ መሰለኝ። አስተማሪያችን፣

"ማን እንዳደረገው ያየ አለ?" ብላ ጠየቀች።

እጄን አወጣሁ። "እኔ አይቻለሁ። መኪና የሚጠግኑት ሽማግሌ ናቸው። በባልዲ ሲደፉ አየሁ።"

"እርግጠኛ ነሽ?" አለችኝ ሚስ ጆአን። ፊቷ ላይ ግራ መጋባት ነበር፤ ሳጋቱራውን ያስታወሰች ይመስለኛል ዛሬ ሳስበው።

"በዓይኔ ነው ያየሁት" አልኩ። አስተማሪያችን ጻፈችው። ሚስ ጆአን መጥታ ትከሻዬን አቀፈችኝ። "ደፋር ልጅ ነሽ" አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከወንድሜ ጋር ኋላ በር ላይ ኳስ እየተጫወትን ሳለ የሕንጻው ተቆጣጣሪ፣ ሱፐሩ፣ ከኦፊስ ከመጣች ሴት ጋር ወደ ጋሼ ሲሄዱ አየሁ። ጋሼ ከአንድ ታክሲ ሥር ወጡ። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ዙሪያቸውን ቃኙ፤ አገኙኝ።

"ራሒ! ቱርጁማኔ፣ እስቲ ነይ። እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው?"

ኳሱን ለወንድሜ ሰጥቼ ሄድኩ። ሴትየዋ ወረቀት ይዛለች። ማን እንደሆንኩ አታውቅም። "ባለፈው እሁድ እዚህ ፍርግርግ ውስጥ ዘይት ሲደፋ ታይቷል በይው" አለችኝ።

"ባለፈው እሁድ ዘይት ሲደፉ ታይተዋል ይላሉ" አልኩ።

"ማ? እኔ?" ጨርቁ ከእጃቸው ወደቀ። "ማነው ያየኝ?"

አስተረጎምኩ። ሴትየዋ "የትምህርት ቤት ልጅ ናት፤ ስሟን አንናገርም" አለች።

"አናውቅም ይላሉ" አልኳቸው።

ጋሼ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል እንድይዝላቸው እያረፉ ተናገሩ። "እንዲህ በያቸው። እኔ አልደፋሁም። እሁድ ጠዋት ስወርድ ተደፍቶ ነው ያገኘሁት። ልጆቹ የሣሉት እንዳይበላሽ፣ ዘይቱም ወደ ውሃው እንዳይወርድ ብዬ ሳጋቱራ በትኜ፣ ከፍርግርጉ ውስጥ እየዛቅሁ በባልዲ አወጣሁት። እያወጣሁ ነው እንጂ እየከተትኩ አይደለም። ማን ደፋው ካሉሽ አላውቅም በያቸው።"

ሁሉም ነገር ያኔ ገባኝ። ከላይ ሆኜ ያየሁት እጅ ወዴት ይሄድ እንደነበር ገባኝ። ይሄን ካስተረጎምኩ ውሸታሟ እኔ ልሆን ነው። ሰኞ ክፍል ስገባ ሚስ ጆአን ታየኛለች፤ ያቺ ትከሻዬ ላይ ያረፈች እጅ ትነሳለች። ቀና ስል የኋላውን በር መስታወት አየሁ። አባዬ ከውስጥ ቆሟል፤ የቆሻሻ ከረጢት ይዟል። ያየናል። ይወጣልኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልወጣም።

"ሶሪ ይላሉ" አልኩ በእንግሊዝኛ። "ሁለተኛ አላደርግም ይላሉ።"

ሴትየዋ ፊቷ ፈታ አለ። ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጽፋ ለጋሼ ሰጠቻቸው። ከእንግዲህ ፓርኪንጉ ውስጥ መኪና መጠገን አይችሉም፤ የማቆሚያ ቦታቸውም ተወስዷል፤ ሌላ ጊዜ ቢደገም ኖቲስ ይሰጣቸውና ቤቱን ይለቃሉ። ይሄን ሁሉ ሳላጓድል አስተረጎምኩ። ጋሼ ወረቀቱን አጥፈው ቱታቸው ኪስ ከተቱትና አዩኝ። ጎንበስ ብለው ጨርቃቸውን አነሱ። ባለታክሲው በግማሽ የተፈታ መኪናውን አስጎትቶ ሄደ።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እማዬና አባዬ ኩሽና ውስጥ ተጣሉ። በሩ ገርበብ ብሏል።

"ለምን እኔ ነኝ የደፋሁት አትላቸውም?" ትላለች እማዬ።

"ኖቲስ ቢሰጡንስ? ልጆቹን ይዘን የት እንገባለን? እሳቸው ብቻቸውን ናቸው።"

"ብቻቸውን የሆነ ሰውማ ይበልጥ ያሳዝናል!"

"ወገባቸውን ላሳርፍ ብዬ ነው እኮ ዘይቱን ራሴ ልቀይር የሞከርኩት። የዘይት መቀበያው ሳህን ተገለበጠብኝ። መሸና ጠዋት አጸዳዋለሁ አልኩ፤ ጠዋት ስወርድ አጽድተውታል። የኔ መሆኑን ያውቃሉ። አንድ ቃል አልተናገሩኝም።"

እማዬ ከዚያ በኋላ ያለችው አልተሰማኝም። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጫማዬን አያለሁ። አባዬ አንዱን ግማሽ ያውቃል፤ እኔ ሁለቱንም አውቃለሁ። ገብቼ ብናገር ኖሮ ሦስታችንም እዚያው ኩሽና ውስጥ አብረን ባለቀስን፤ ምናልባትም አብረን ወደ ኦፊሱ በሄድን። ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ከዚያ ቅዳሜዎቹ ጸጥ አሉ። ሾፌሮቹ ሌላ ቦታ ፈለጉ። ጋሼ ሦስተኛ ፎቅ መስኮታቸው ላይ ቆመው ባዶውን ፓርኪንግ ሲያዩ አንዳንዴ ከትምህርት ቤት ስመለስ አያቸዋለሁ። እጃቸውን ያወዛውዙልኛል። እኔም አወዛውዛለሁ፤ ግን በሌላው በር መግባት ጀመርኩ።

መስመሩ ሰኔ ላይ አለቀ። በሩ የተከፈተ ዕለት ፎቆቹ ውስጥ የቀረ ሰው ያለ አይመስልም ነበር። ቤንጋሊ እናቶች ሳሪያቸውን ሰብስበው፣ የግሪክ ሽማግሌዎች በከዘራ፣ የኛ ሰዎች ከልጆቻቸው ጋር። ሱፐሩ ሰንሰለቱን ሲፈታ ሁሉም አጨበጨበ። ሚስ ጆአን ያጻፈችኝን ወረቀት ማይክ ፊት ቆሜ አነበብኩ። አንድ ሰው ጅረታችንን ሲበክል አይቼ ዝም አላልኩም፤ ተፈጥሮ የሁላችንም ናት፤ የሁላችንም ከሆነች ሁላችንም እንጠብቃት የሚል ነበር። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሳነብ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና አልኩ። ጋሼ ማንደፍሮ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ከሰዉ ኋላ ቆመዋል። ሁሉም ማጨብጨብ ሲያቆም እሳቸው ገና ያጨበጭቡ ነበር።

ሰዉ መስመሩን ተከትሎ ወረደ። የጠበቅሁት እንደ ዓባይ ያለ ወንዝ ነበር፤ ያገኘሁት ወንድሜ የሚሻገረው ጅረት ነው። ግን ጥርት ያለ ነበር፤ ድንጋዮቹ ይቆጠራሉ። እናቶቹ ጫማቸውን እያወለቁ ገቡ። ጋሼ አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጠው በእጃቸው ውሃ ዘግነው ፊታቸውን ታጠቡና ጠሩኝ።

"ያነበብሽው ምንድን ነው?"

"ስለ ዓሣ ነው።"

"እሰይ። ጎበዝ።" ፊታቸውን በመሐረብ ጠረጉ። "ራሒ፣ ያን ዕለት ለምን ሶሪ አልሻቸው? ሶሪ የምትለዋን ቃል እኮ እኔም አውቃታለሁ። ፋብሪካው ውስጥ መጀመሪያ የተማርኩት እሷን ነው።"

ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈለግሁ፤ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

"ፈርተሽ ነው አይደል?" አሉኝ።

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

"ይሁን። ልጅ ይፈራል።"

እሳቸውንም ሴትየዋንም ፈርቼ አልነበረም። የፈራሁት የአንዲት ሠዓሊ ፍቅር እንዳይቀርብኝ ነው። እሳቸው ግን ከሚገባኝ የተሻለ ምክንያት ፈልገው ሰጡኝ፤ እኔም ተቀበልኩ።

ነሐሴ ላይ ኤድመንተን ያለ የእህታቸው ልጅ ጠራቸውና ሙቭ አደረጉ። አውቶቡስ ጣቢያ ያደረሳቸው አባዬ ነው። እማዬ ሥራ ስለነበራት እኔ "አብሬ ልሂድ" አልኩ፤ በመንገድ ላይ እናገራለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ጋሼ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ከሻንጣቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። መኪናችን ያለ ድምፅ ትሄዳለች፤ በመጋቢት እሳቸው ናቸው የሠሯት። ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘንብለው እየሰሙ፣

"ደህና ናት" አሉ። "ከበረዶው በፊት ዘይቷን አስቀይር። ግን ራስህ አትንካው፤ ጋራዥ ውሰዳት።"

አባዬ መሪውን ጨበጠ። የአንገቱ ጅማት ሲነሳ ከኋላ ይታየኛል። "እሺ ጋሼ" አለ።

ጣቢያው ላይ ሦስት ጊዜ ሳሙኝ። "ቱርጁማኔ፣ አማርኛሽን እንዳትረሺ" አሉኝ። አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ድረስ በመስኮቱ እጃቸውን ያወዛውዙ ነበር።

ስንመለስ ከፊት ተቀመጥኩ፤ ወንበሩ ገና ሞቅ ያለ ነበር። መብራት ላይ ቆመን ሳለ አባዬ ወደ እኔ ሳይዞር፣

"ደግ ሰው ናቸው" አለ።

"አዎ" አልኩ።

የሚለው ነገር ያለው መሰለኝ፤ ጠበቅሁት። እሱም ምናልባት እኔን ይጠብቅ ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። እስከ ቤታችን ድረስ ሁለታችንም አልተናገርንም።